የብልት አካባቢ ማሳከክ ሁሉ ፈንገስ አይደለም

በብልት አካባቢ የሚከሰት ማሳከክ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ወይም የአባላዘር በሽታ እንደሆነ ይገመታል። በዚህም የተነሣ ብዙዎች በሐፍረት ለሐኪም ሳይታዩ፣ ከመድኃኒት ቤት በገዙት ቅባት ለዓመታት ይቆያሉ። ከማሳከኩ ጀርባ ግን ላይከን ስክሌሮሰስ የተባለ ሥር የሰደደ የቆዳ በሽታ ሊኖር ይችላል።

በሽታው በወንዶችና በሕፃናትም ላይ ይታያል፤ በብዛት የሚያጠቃው ግን የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶችን ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፣ የቆዳ መንጣትና እንደ ተጨማደደ ወረቀት መሳሳት፣ መሰንጠቅ፣ በግንኙነት ወቅት ሕመም መሰማት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው።

ልምድ ያለው ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይቶ ይለየዋል። ጥርጣሬ ሲኖር ወይም የማይድን ቁስል ሲታይ ከቆዳው ትንሽ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

ቀዳሚው ሕክምና 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል የያዘ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው። በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ወር በየቀኑ፣ በሁለተኛው አንድ ቀን እየዘለሉ፣ በሦስተኛው በሳምንት 2 ጊዜ ይቀባል። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል በሚል ስጋት ሕክምናውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። በሽታው ካልታከመ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ከ100 ሴቶች ከ5 ባነሱት ላይም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ስለዚህ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ይመከራል።

ማሳከኩ በፈንገስ መድኃኒት ካልተሻለ፣ ሌላ ቅባት ከመግዛት ይልቅ ለምርመራ መቅረብ ይበጃል። ሐፍረት ለሚሰማት ታካሚም ሴት ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም።