የእግር አጥንት መንጋጋ የሚሆነው እንዴት ነው?

ሐኪም የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ለመጡ ወላጆች «ካንሰር አይደለም» ካለ በኋላ፣ ቀጥሎ የሚናገረውን የሚሰማው የለም። እናት «ተመስገን» እያለች እንባዋን ትጠርጋለች፤ አባት ደግሞ ለወንድሙ ሊደውል ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። ሐኪሙ ግን ገና አልጨረሰም። «ከታችኛው መንጋጋዋ ግማሹን ያህል እናወጣለን፤ ከእግሯ አጥንት ወስደን እንተካዋለን» ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል። ካንሰር ካልሆነ ታዲያ ለምን ይቆረጣል?

ይህ ጥያቄ ሰሞኑን እኔንም ይዞኝ ሰነበተ። መልሱን ስከታተል የደረስኩበት ነገር ለብቻዬ ልይዘው የምችለው ስላልሆነ እስቲ ላጫውታችሁ።

ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ ንግግር ጀርባ ያለው ዕጢ አሜሎብላስቶማ ይባላል። መነሻው ጥርስን ከሚሠሩ ሴሎች ወገን ነው። ጥርሳችን ድድ ውስጥ ተደብቆ ገና በሚሠራበት ጊዜ፣ ነጩንና ጠንካራውን የላይኛ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜሉን የሚሠሩ ልዩ ሴሎች አሉ። ጥርሱ ብቅ ሲል ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ፤ የተሸረፈ ጥርስ እንደ ተሰበረ አጥንት መልሶ የማይጠገነውም ለዚህ ነው። ሆኖም ከዚያው የሴል ዘር ትንንሽ ርዝራዦች መንጋጋ ውስጥ ይቀራሉ። አብዛኞቻችን ዕድሜ ልካችንን ይዘናቸው እንኖራለን፤ ምንም አያደርጉንም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ይነሣና መባዛት ይጀምራል። የሚገርመው፣ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ በዳር በኩል ያሉት ሴሎች ኢናሜል ሊሠሩ እንደተዘጋጁ ሁሉ በወጉ ተሰልፈው ቆመዋል። ኢናሜል ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አይሠሩም።

በሽታው ብዙም የተለመደ አይደለም፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንዱን ገደማ ቢይዝ ነው። ከአምስት አራቱ የሚወጣው በታችኛው መንጋጋ ላይ ሲሆን፣ በተለይ ከኋላ በኩል፣ ትልልቆቹ ጥርሶች ባሉበት አካባቢ ይበዛል። በሌላው ዓለም በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ከአፍሪካ ሆስፒታሎች በወጡ ጥናቶች ላይ ግን ሕመምተኞቹ ወጣትነታቸው ጎልቶ ይታያል።

ክፋቱ አያምም። «ያምሻል?» «አይ፣ አያመኝም።» በዚህ መልስ ስንት ወር ያልፋል! አያት «ኧረ ጥርሷ ነው፣ በሞቀ ውኃና ጨው ትጉመጥመጥ» ይላሉ። ጉንጯ በአንድ በኩል ሞላ ማለቱን መጀመሪያ የሚያየው አብሯት የሚውል ሰው ሳይሆን ከክፍለ ሀገር ለበዓል የመጣ ዘመድ ነው። ከዚያ አንድ መንጋጋ ጥርስ መነቃነቅ ይጀምራል፤ ይነቀላል፤ የተነቀለበት ቦታ አልድን ይላል። በመጨረሻ ሙሉ መንጋጋን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ራጅ ሲነሣ አጥንቱ ውስጥ ጥቋቁር ክፍልፋዮች ተደርድረው ይታያሉ። ሐኪሞች የሳሙና አረፋ የሚሉት መልክ ነው።

እዚህ ላይ ነው ናሙና የሚወሰደው፤ ብዙ ቤተሰብም የሚያፈገፍገው እዚሁ ነው። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን ያልሰማ ማን አለ? እውነቱ ግን ያለ ናሙና ምርመራ የመንጋጋ እብጠትን ማከም በጨለማ መሄድ ነው፤ ምክንያቱም በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በሕክምና ግን ፍጹም የማይገናኙ በሽታዎች አሉ። ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የአየርላንድ ተወላጁ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳወቀውን ዕጢ ውሰዱ። እሱም የልጆችን መንጋጋ ያሳብጣል፤ ግን የለየለት ካንሰር ነው፣ በቀናት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፣ የሚታከመውም በቢላ ሳይሆን በመድኃኒት ነው። አሜሎብላስቶማ በተቃራኒው ዓመታት ወስዶ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ የካንሰር መድኃኒቶች ብዙም አይበግሩትም፣ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለቱን የሚለየው ከእብጠቱ ላይ የምትቆረጠው ቁራጭ ናት።

ወደ ወላጆቹ ጥያቄ እንመለስ። አሜሎብላስቶማ ካንሰር የማይባለው ወደ ሳንባና ወደ ጉበት የመዛመት ልማድ ስለሌለው ነው፤ ያም የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ባለበት ቦታ ግን አይምርም። የመንጋጋ አጥንት ከውጭ ሲያዩት ድፍን ቢመስልም ውስጡ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ዕጢው በእነዚያ ቀዳዳዎች እየሾለከ፣ ራጁ ላይ ከሚታየው ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ይሄዳል። ቀዶ ሐኪሙ የሚታየውን ብቻ ጠርጎ ቢወጣ የማይታየው ይቀራል። ለዚህ ነው ዳር ዳሩን ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አጥንት ጨምሮ መቁረጥ የተለመደው። ተፍቆ ብቻ የታከመው ከግማሽ በላይ ሊመለስ እንደሚችል ብዙ ዘገባዎች ያሳያሉ፤ ሲመለስ ደግሞ አጥንቱን አልፎ ወደ ሥጋው የመግባት ዕድል አለው።

ስለዚህ ቤተሰብ «እባክህ ዶክተር፣ ትንሽ ልጅ ናት፣ ለጊዜው በትንሹ ይሁንላት» ሲል፣ ርኅራኄ የመሰለው ልመና ልጅቷን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊዳርጋት ይችላል። ያም ሆኖ ሁሉም አንድ አይደለም። በተለይ በአፍላ ዕድሜ ላይ የሚበዛ፣ አንድ ወጥ ከረጢት የሆነ ዓይነት አለ፤ እሱ አንዳንድ ጊዜ መንጋጋው ሳይቆረጥ ተጠርጎ፣ በጥብቅ ክትትል ሊያዝ ይችላል። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ «ዓይነቱ የትኛው ነው?» ብዬ ነበር የምጠይቀው። ስለ ወጪውና ስለ ቀጠሮው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

አሁን ወደሚጥመኝ ክፍል ደረስን። መንጋጋው ከወጣ በኋላ ክፍተቱን በቲታኒየም ሰሌዳ ብቻ ማገናኘት ይቻላል። ግን ብረት በማኘክ ብዛት ይደክማል፣ ብሎኑ ይላላል፣ አንዳንዴም ቆዳውን በስቶ ይወጣል። ከዳሌ አጥንት ቁራጭ መውሰድም አለ፤ ክፍተቱ አጭር ሲሆን፣ እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥሩ ይሠራል። ከዚያ ሲረዝም ግን ችግር ይመጣል፤ የራሱ ደም የሌለው አጥንት የሚኖረው ከጎረቤት በሚያገኘው ደም ስለሆነ፣ ሳይደርሰው ሊሟሟ ይችላል። ችግኝን ከነአፈሩ ነቅሎ መትከልና ሥሩን አራግፎ መትከል አንድ አይደለም፤ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞችም ከነአፈሩ መንቀልን ተማሩ።

ከጉልበታችን በታች ሁለት አጥንቶች አሉ። ፊት ለፊት በእጃችን የምንዳስሰው ወፍራሙ ቅልጥም ክብደታችንን በአብዛኛው ይሸከማል። ከውጭ በኩል በጡንቻ ተሸፍኖ አብሮት የሚወርደው ቀጭኑ ፊቡላ ይባላል። ከላይ ለጉልበት፣ ከታች ለቁርጭምጭሚት የሚያስፈልገው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከተተወለት፣ መካከሉ ቢወጣ ሰው ይራመዳል፣ ይሮጣልም። በአዋቂ ሰው እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ አጥንት ይገኛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎኑን ተከትሎ የሚወርድ የራሱ የደም ሥር አለው። የሜልቦርኑ ኢያን ቴይለር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን አጥንት ከነደም ሥሩ ወደ ሌላ እግር አዛወረ። በ1989 ደግሞ የኒው ዮርኩ ዴቪድ ሂዳልጎ ለታችኛው መንጋጋ መተኪያ እንደሚሆን አሳየ።

ግን መንጋጋ የተቆለመመ ነው፤ ፊቡላ ቀጥ ያለ። እንዴት ይገጥማል? ከቀዶ ሕክምናው በፊት የልጅቷ መንጋጋና እግር በሲቲ ስካን ይነሣሉ። በዚያው የእግሯ ደም ሥሮችም ይታያሉ፤ አንዳንድ ሰው ላይ እግር ከታች የሚኖረው በዚሁ ከፊቡላ ጋር በሚሄደው የደም ሥር ስለሆነ፣ ሳይታይ ቢወሰድ እግርን ለአደጋ ያጋልጣል። በኮምፒውተር የታቀደበት ቦታ፣ አጥንቱ የት ላይ በስንት ማዕዘን እንደሚቆረጥ የሚያሳይ መምሪያ በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ይታተማል። በዕለቱ ሁለት ቡድን በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ አንዱ ፊቷና አንገቷ ላይ፣ ሌላው እግሯ ላይ። አጥንቱ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች እየወጡለት ይታጠፋል፤ የሚመግበው ስስ ሽፋንና የደም ሥሩ ግን ሳይነኩ እንደተያያዙ ይቆያሉ። ከዚያ በቲታኒየም ሰሌዳና በብሎን ይታሰራል።

ቀጥሎ ማይክሮስኮፑ ይመጣል። ከእግር የመጣው የደም ቅዳ ቧንቧ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አንገት ውስጥ ካለ ሌላ ቧንቧ ጋር ከፀጉር በሚቀጥን ክር ይሰፋል። የደም መልሱም እንዲሁ። መቆንጠጫው ሲለቀቅ የገረጣው ሥጋ ቀስ በቀስ መቅላት ይጀምራል፣ የአጥንቱ ጠርዝም ይደማል። ቀዶ ሐኪም ደም ሲያይ ደስ የሚለው እዚህ ጋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉም ነገር ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ውጭ ኮሪደር ላይ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ሰዓቱ መርዘሙ የመጥፎ ነገር ምልክት እንዳልሆነ አስቀድሞ ቢነገረው ስንት ጭንቀት ይቀንስ ነበር!

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች የነርሶች ናቸው። ከአጥንቱ ጋር ብዙ ጊዜ ትንሽ የእግር ቆዳ አብራ መጥታ አፍ ውስጥ ትሰፋለች፤ ውስጥ የማይታየውን የምትናገረው እሷ ናት። ነርሷ በየሰዓቱ በባትሪ እያበራች ታያታለች፣ በጣቷ ጫን አድርጋ ትለቃታለች፣ ቀለሟ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደተመለሰ ትቆጥራለች። ቆዳዋ ጠቁራ ወደ ሰማያዊነት ካደላች የደም መልሱ ተዘግቷል፤ ገርጥታ ከቀዘቀዘች ደም ቅዳው። ሁለቱም በሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያስመልሳሉ። በለመዱ እጆች ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል ይሳካሉ፤ ከዚያ ውስጥ ግን በእነዚህ ሌሊቶች የዳነ ቀላል አይደለም።

ልጅቷስ? ብዙ ቤተሰብ «እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይላል። እኔ አልስማማም። የዚህ ዘመን ልጅ የበሽታውን ስም አንዴ ከሰማች ማታውኑ በስልኳ ፈልጋ የባሰውን ሥዕል አይታለች። ሲነቁ አንገት ላይ ለጊዜው የተከፈተ የመተንፈሻ ቱቦ ሊኖር እንደሚችል፣ ቱቦው እስኪወጣ ድምፅ እንደማይኖር፣ ምግብ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ እንደሚሰጥ ያልተነገራት ልጅ ስትነቃ ምን ልታስብ ነው? አያት በፔርሙስ ይዘው የመጡት አጥሚትም ቱቦውን እንዳይዘጋ ነርሷን ሳይጠይቁ አይሰጥም።

ደግሞም የልጆች ጥያቄ የራሱ ነው። «ዶክተር፣ ስስቅ ያስታውቃል?» መልሱ ደስ ይላል። በመንጋጋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ የስሜት ነርቭ ነው። ከዕጢው ጋር አብሮ ሲወጣ የታችኛው ከንፈርና አገጭ በዚያ በኩል ይደነዝዛሉ፤ ምራቅ ወይም ሾርባ ሲወርድ ላይታወቃት ይችላል። ፈገግታን የሚያንቀሳቅሰው ግን በሌላ መንገድ የሚሄድ ሌላ ነርቭ ነው። የከንፈርን ጥግ ወደ ታች የምትስበው ቅርንጫፉ ለጊዜው ብትዳከም እንኳ፣ ካልተቆረጠች ብዙውን ጊዜ ትመለሳለች። ፊቡላው የተወሰደበት እግሯ ቁርጭምጭሚትም፣ ልጅቷ ገና እያደገች ስለሆነ፣ እንዳይጣመም ክትትል ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ማይክሮስኮፕ፣ ሁለት ቡድንና የሌሊት ጥበቃ ይጠይቃል። ባልተሟላበት ቦታ በሰሌዳና በዳሌ አጥንት የሚሠራ ሐኪምን አትናቁ፤ ዕጢውን በሙሉ ካወጣ ዋናውን ሥራ ሠርቷል። በአገራችን ትልቁ ችግር አርፍዶ መምጣት ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ፕሮጀክት ሐረር የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ከገጠር እየፈለገ፣ እንደ የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች እንዲታከሙ ያደርጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች በብዙ አሜሎብላስቶማዎች ውስጥ ብራፍ በሚባል ዘረ መል ላይ፣ በቆዳ ካንሰር የሚታወቀውን ዓይነት ለውጥ አገኙ። ለዚያ ካንሰር የተሠሩት እንክብሎች አንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ዕጢውን በደንብ አሳንሰውታል። ገና የተለመደ ሕክምና አይደለም፤ ግን ወደፊት የሚቆረጠውን አጥንት ሊያሳጥር ይችላል።

የልጅቷ ጥርስ ደግሞ ይመለሳል፤ አዲሱ አጥንት ከያዘ ከወራት በኋላ ብሎን የሚመስል የቲታኒየም ሥር ተተክሎ ጥርስ ይገጠምበታል። እድገቷ ካላበቃ ግን እስከዚያ መጠበቅ ይመረጣል። ክትትሉ ከዚያም ይረዝማል፤ ይህ ዕጢ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል በየጊዜው ራጅ መነሣት አለባት። እስከዚያ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ምናልባት ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሄዳ ይሆናል። የፓቶሎጂው ውጤት ቅጂ፣ የሲቲው ሲዲና ምን ያህል አጥንት እንደወጣ የሚገልጸው የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ከፓስፖርቷ ጋር ይቀመጡ፤ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃት እነሱን ነው።