በባሕር ዳር የተደረገ ሠርግና አሮጌው ዳንቴል

በዛሬው ጊዜ ብዙ ሙሽሮች የአያቶቻቸውን ዘመን ልብስ የሚመስል ልብስ አሰፍተው በባሕር ዳር መጋባትን እጅግ ወደዋል። እንዲህ ያለውን ሠርግ የሚመኙ ሁሉ እንደ አብነት ከሚያነሡት አንዱ የሞናኮው ልዑል የሬይኒዬ ሣልሳዊና የወይዘሪት ግሬስ ኬሊ ሠርግ ነው። እኛም ከዚያ ሠርግ ልንከተለው የሚገባን የትኛው እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ሞናኮ በፈረንሳይ ደቡብ በኩል በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ያለች እጅግ ትንሽ አገር ናት። ልዑሉ ወይዘሪት ግሬስን የተዋወቋቸው በ1947 ዓ.ም. በቤተ መንግሥታቸው ነው። ወይዘሪት ግሬስም የፊላዴልፊያ ተወላጅ፥ በጡብ ግንብ ሥራ የከበሩ ሰው ልጅ፥ በሲኒማም የታወቁ ተዋናይት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. መጋቢት 26 ቀን ከኒው ዮርክ በመርከብ ተነሥተው ሚያዝያ 4 ቀን ሞናኮ ሲደርሱ፥ ልዑሉ በራሳቸው መርከብ እባሕሩ ላይ ወጥተው ተቀበሏቸው።

በአገሩ ሕግና በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሠረት ጋብቻው ሁለት ጊዜ ተፈጸመ። ሚያዝያ 10 ቀን በቤተ መንግሥቱ የዙፋን አዳራሽ በሕግ ፊት ተጋቡ። ይህ ሥርዓት ለዓይን ያን ያህል የሚማርክ ባይሆንም፥ ባልና ሚስትን በመብትና በግዴታ የሚያስተሳስር ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። በማግሥቱ ደግሞ ከባሕሩ በላይ በገደሉ አናት ላይ በቆመው በቅዱስ ኒቆላዎስ ካቴድራል በጸሎት ተጋቡ። ይህንንም በቴሌቪዥን የተመለከተው ሕዝብ ከ30 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበረ ተገምቷል።

የሙሽራይቱን ቀሚስ ያዘጋጁት የሲኒማ ልብስ ዐዋቂዋ ሔለን ሮዝ ሲሆኑ፥ ሦስት ደርዘን ያህል ልብስ ሰፊዎች ስድስት ሳምንት ደክመውበታል። ሐሩ አዲስ ነበረ፤ ደረቱንና እጅጌውን የሸፈነው ዳንቴል ግን 125 ዓመት የሞላው አሮጌ ነበረ። ዓይነ ርግቡም በዳንቴልና በደቃቅ ሉል ተጊጦ ነበረ። ልዑሉም በበኩላቸው የናፖሌዎንን የጦር አለቆች ልብስ አብነት አድርገው ራሳቸው ያወጡትን የማዕረግ ልብስ ለበሱ። እንግዲህ የዚያን ቀን ውበት ከአሮጌ ነገር የተቀዳ ነበረ ማለት ነው። ያንን ዳንቴል የሠሩት እጆች ከብዙ ዘመን በፊት ዐርፈዋል፤ ሥራቸው ግን በጥንቃቄ ስለ ተጠበቀ ላላወቋት ሙሽራ ጌጥ ሆነ።

ልዕልት ግሬስም ይህንኑ ምሳሌ ተከተሉ። ከካቴድራሉ ሲወጡ የያዙትን አበባ በወደቡ አጠገብ ባለው በቅድስት ዴቮት ቤተ ክርስቲያን አኖሩት፤ ቀሚሳቸውንም በዚያው ዓመት ለተወለዱበት ከተማ ለፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሰጡት። በ2003 ዓ.ም. ካትሪን ሚድልተን በለንደን ሲዳሩ ባለረጅም እጅጌ የዳንቴል ቀሚስ ለብሰው በታዩ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች ወዲያው የግሬስን ቀሚስ አስታወሱ።

ልዕልቲቱ በትዳር 26 ዓመት ኖረው ሦስት ልጆች ካፈሩ በኋላ፥ በመስከረም 1975 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ምክንያት ዐረፉ። ልዑሉም ሌላ ሚስት ሳያገቡ ኖረው በ1997 ዓ.ም. ሲሞቱ በአጠገባቸው ተቀበሩ። የተቀበሩትም በተጋቡበት በዚያው ካቴድራል ነው።

ከዚህ ሠርግ ወጪውን ልከተል የሚል ሰው ዕዳ ያተርፋል፤ ጥበቃውን የሚከተል ግን ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ ልጃችሁን የምትድሩ ወላጆች፥ ለአንድ ቀን ልብስ ከመበደራችሁ በፊት የእናትን ሣጥን ከፍታችሁ ተመልከቱ። እናንተም ሙሽሮች፥ የለበሳችሁትን አጥባችሁ፥ አጥፋችሁ አኑሩ፤ ገና ያልተወለደች ልጅ ትለብሰው ይሆናልና።