በደብረ ዘይት መንገድ የቆመችው ቮልስዋገን

ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው መንገድ ዳር የቆመ መኪና ማየት ብርቁ አይደለም። ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ጎማው የፈነዳ የጭነት መኪና፣ ጉምሩክ ተራ የሚጠብቅ ተሳቢ፣ ፋብሪካ በር ላይ ሠራተኛ የሚጠብቅ ሚኒባስ መቼም አይጠፋም። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው በዚሁ መንገድ ዳር አንዲት ቮልስዋገን ያለ ሾፌር ቆማ ስትታይም አላፊ አግዳሚው ቤንዚን አልቆባት ነው ብሎ ሳያልፍ አልቀረም።

የመኪናዋ ባለቤት ደራሲው በዓሉ ግርማ ነበር። የካቲት 6 ቀን ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እስከ ዛሬም የት እንደገባ ለቤተሰቡ የነገረ መንግሥታዊ አካል የለም።

በዓሉ በኢሉባቦር ተወልዶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተማረ፣ መነን መጽሔትንና አዲስ ዘመን ጋዜጣን በዋና አዘጋጅነት የመራ፣ በደርግ ዘመንም እስከ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነት የደረሰ ሰው ነበር። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ የጻፈው ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታተመ። ባለ ሥልጣኖቹ ራሳቸውን በመጽሐፉ ውስጥ አዩት፤ ያዩትንም አልወደዱትም። መጽሐፉ ከየሱቁ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከላይ ያልነው ነው።

ውድ አንባብያን፣ የአንድ ደራሲ ጉዳይ በቤተሰብ መጽሔት ላይ ምን አመጣው የሚል ይኖር ይሆናል። ያነሳነው ስለዚያች መኪና ብለን ነው። የጠፋ ሰው አፍ የለውም፤ ትቶት የሄደው ነገር ግን ጠያቂ ካገኘ ይናገራል። ሱረቱ ዩሱፍን የቀራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ወንድሞቹ የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ቀሚስ የሐሰት ደም ቀብተው ለአባታቸው ባቀረቡ ጊዜ፣ ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ወሬውን እንደወረደ አልተቀበሉትም። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት ተኩላ በላው የተባለው ልጅ ቀሚስ አለመቀደዱ ራሱ ጥያቄ ነበር። በዚያው ሱራ ውስጥ ሌላ ቀሚስ ደግሞ ከኋላ መቀደዱ ታይቶ የዩሱፍ ንጽሕና ታውቆበታል። ያዕቁብ ሶብር አደረጉ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም ቢሆን ልጆቻቸውን ሂዱና ፈልጉ ብለው ከመላክ አልቦዘኑም። በአገራችን ግን ሶብር ማድረግና ዝም ማለት አንድ እየመሰሉ ስንቱ እናት በሯን ዘግታ ቀርታለች።

እንግዲህ ያቺ ቮልስዋገን ብትጠየቅ ኖሮ ምን ትል ነበር? በሮቿ ተቆልፈው ነበር ወይ? ቁልፉ የት ሄደ? መቀመጫው ለማን ቁመት ተስተካክሎ ተገኘ? ነዳጅስ ነበራት? በማግስቱ ጠዋት በዚያ መንገድ ለሥራ ያለፈ የፋብሪካ ሠራተኛና የሌሊት ዘበኛ ምን አየ? እነዚህ ማንም ተራ መርማሪ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ለቤተሰቡ መልስ ይዞ የመጣ ምርመራ ግን አልተደረገም።

ሕግ ስላልነበረ ነው እንዳንል ነበረ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22 ላይ ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ መጀመር እንዳለበት ይደነግጋል። ይባስ ብሎ መርማሪው የቀረበለት አቤቱታ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ከመመርመር እንደማይድን ይኸው አንቀጽ ይናገራል። ሕግ አውጪው የመርማሪን ስንፍና አስቀድሞ አውቆት ነበር ያሰኛል። ችግሩ ሰው የሚሰውረውና ሰው የሚፈልገው አንድ ጌታ ሲኖራቸው ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ለታሰረ ልጇ ምሳ ይዛ የሄደች እናት "ከእንግዲህ አታምጪ" ስትባል መርዶዋን ሰማች ማለት ነበር። አመልካች የት ይሂድ? ወዳሰረው ዘንድ?

መንግሥት ሲለወጥ የአንዳንዶቹ አድራሻ ታወቀ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ የተባሉት የንጉሠ ነገሥቱ አፅም በ1984 ዓ.ም. እዚያው ቤተ መንግሥት ግቢ ከመሬት ሥር ወጣ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የተወሰዱት የመካነ ኢየሱስ መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከ13 ዓመት በኋላ አፅማቸው ተገኝቶ በክብር ተቀበሩ። በዚያው ዘመን የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የአርጀንቲና የአፅም ምርመራ ባለሙያዎችን አስመጥቶ የጅምላ መቃብሮችን አስቆፍሯል። አርጀንቲናዎች ይህን ሙያ የተማሩት በራሳቸው ሐዘን ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የጠፉ ልጆቻቸውን ስም ይዘው አደባባይ የወጡ እናቶች እንዲረሱ አንፈቅድም ባይሉ ኖሮ፣ ባለሙያዎቹም ባልሠለጠኑ ነበር።

የበዓሉ ቤተሰብ ግን ዛሬም ፋቲሓ የሚቀራበትም ሆነ ሻማ የሚበራበት መቃብር የለውም። ሞቶ የተቀበረ ሰው ቤት ለቅሶው ቀን አለው፤ ድንኳኑ ይነሳል፣ ጎረቤት ይበተናል፣ ውርስ ይከፈላል። የጠፋ ሰው ቤት ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልብ ይነሳል። ሚስቱ ባለትዳር ትሁን ባሏ የሞተባት አይታወቅም። ልጆቹ የቲም ይባሉ አይባሉ አይታወቅም። ሰላተል ጃናዛ ይሰገድበት ቢባል ሞቱ አልተረጋገጠም።

ፉቀሃዎቻችን ይህን ጭንቅ አላለፉትም። "መፍቁድ" ብለው ስም ሰጥተው በሰፊው ተነጋግረውበታል። ባሏ የጠፋባት ሴት ወደ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በመጣች ጊዜ አራት ዓመት እንድትጠብቅ፣ ከዚያም የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ እንድትቆጥር መፍረዳቸው ተዘግቧል። ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ይህን መሠረት አድርገዋል። በሻፊዒዮች ዘንድ የጸናው አቋም ሞቱ ወይም ፍቺው እስኪረጋገጥ ትጠብቅ የሚል ሲሆን፣ ሐነፊዮች ደግሞ እኩዮቹ እስኪያልቁ ድረስ በሕይወት እንዳለ ይቆጥሩታል። በውርስም ቢሆን የመፍቁዱ ድርሻ ተለይቶ ይቀመጥለታል። እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን በዘገባው ውስጥ ያለችው ትንሽ ነገር ናት፤ ዑመር ከመፍረዳቸው በፊት ወገኖቿን ጠይቀው ነገሩን አረጋግጠዋል። ማጣራት ከፍርድ ቀደመ።

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ያለፈውን ሰው በሚመለከት ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ባለ ጉዳይ ሊያመለክት እንደሚችል በአንቀጽ 154 ላይ አስቀምጧል። ብዙ ሴቶች ይህን ባለማወቅ፣ ብዙዎችም "ባሌን ገደልሽው" መባልን በመፍራት ዓመታትን በከንቱ ይቆጥራሉ። ውሳኔውን መጠየቅ መግደል አይደለም። ሰውየው ተመልሶ ቢመጣም ሕጉ መብት አለው።

ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ እንዳይመስለን። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ተወስደው ቤተሰቦቻቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ እንደሚቆዩ ገልጾ ስጋቱን አሰምቷል። መንግሥት ያልነካቸው መጥፋቶችም አሉ፤ ለሥራ ወጥቶ የሚቀር ወጣት፣ በደላላ እጅ የገባች ልጅ።

ባለፈው ጊዜ እኛው ሰፈር የገጠመንን እንጥቀስ። ከምናስተምራቸው የአንዱ ተማሪ ታላቅ ወንድም የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ማለዳ ወደ መኪና ማቆሚያው እንደሄደ ቀረ። እናቱ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ አንመዘግብም ተባሉ። ሞልቶ ሲመለሱ ደግሞ "ጎረምሳ ነው፤ ወደ ዐረብ አገር ተሻግሮ ይሆናል፤ ሲደርስ ይደውልልዎታል" አሏቸው። ወደ እኛ ሲመጡ እያለቀሱ አልነበረም፤ ተቆጥተው ነበር።

"ኡስታዝ፣ የሚሰደድ ልጅ መታወቂያውን ትቶ ይሄዳል? ጃኬቱ ምስማር ላይ ነው። የወር ደመወዙንም ገና አልተቀበለም።"

እኒህ ሴት ፊደል አልቆጠሩም። ሆኖም ጣቢያው ያላየውን ሦስት ማስረጃ በአንድ ትንፋሽ ቆጠሩልን። የሃያ አራት ሰዓቱ ነገር አንቀጽ 22 ላይ የለም፤ ምናልባት በፊልም የታየ ይሆናል።

ያን ዕለት አብረናቸው የሠራነውን ሌላውም ቢያውቀው አይከፋም። ልጁ መጨረሻ የታየበትን ሰዓትና ቦታ፣ የለበሰውን ልብስ፣ ያየውን ሰው ስም ሳይረሳ ጻፍን፤ ሰው ሳምንት ሲሞላው ሰዓት ያምታታልና። አቤቱታው በቃል ብቻ እንዳይቀር በጽሑፍ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተን አንደኛው ላይ ቀንና ማኅተም እንዲደረግበት ጠየቅን። ስልኩ መጨረሻ የሠራው የት አካባቢ እንደሆነ ፖሊስ ከቴሌ እንዲያጣራ በአቤቱታው ውስጥ አሰፈርን፤ ይህን ቤተሰብ በራሱ ማግኘት አይችልም። የሆስፒታሎችን ድንገተኛ ክፍልና ሬሳ ክፍል ለማየት ግን እናትየዋን አልላክንም፤ የመስጂዱ ጀመዓ ወጣቶች ተከፋፍለው ሄዱ። ጣቢያው እምቢ ካለ ቀጣዩ በር ዐቃቤ ሕግ ነው። ሰውየው በመንግሥት እጅ ነው የሚል ጥርጣሬ ካለ ደግሞ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 177 የተፈቀደ ነው። በግጭት ወይም በስደት ለተለያየ ቤተሰብ ቀይ መስቀል የማፈላለግ አገልግሎት አለው።

ጊዜው አልፏል ለሚሉም አንድ ነገር እንጨምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 አስገድዶ መሰወርን በይርጋ ከማይታገዱት በሰው ዘር ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች መካከል ቆጥሮታል። ስለዚህ የቮልስዋገኗም ፋይል በሕግ ፊት አልተዘጋም።

የረዳቱ እናት ማኅተም ያረፈባትን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልለው ከመታወቂያው ጋር አኑረዋታል። በየሰኞው ወደ ጣቢያው ይሄዳሉ። ባለፈው ሰኞ የመርማሪውን ስም ጠይቀው ነበር፤ ገና አልተመደበም አሏቸው። ማክሰኞም መጡ።