ሽንኩርት ሳይወደድ የተቁላላ ቁሌት

በዓል በተቃረበ ቁጥር የአዲስ አበባ ገበያ ወሬ ከዶላር ምንዛሪ ይልቅ ወደ ሽንኩርት ያደላል። በዋዜማው ሳምንት ቤቱ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነው፤ ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ፣ ከሁሉም በላይ ቀይ ሽንኩርት። ገዢው ሁሉ በአንድ ቀን ሲወጣ ዋጋ መናሩ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስገርመው፣ ለሱቁ ሸቀጥ በርካሽ ጊዜ ገዝቶ የሚያከማቸው ነጋዴ ለገዛ ቤቱ ሲሆን በውዱ ቀን መሰለፉ ነው።

ምክንያት አለው። ሽንኩርት እንደ ጤፍ በጎተራ አይከርምም፤ ያቆጠቁጣል፣ ይበሰብሳል። በበጋ የመስኖው ምርት ከመቂ፣ ከባቱና ከፎገራ ሲገባ ገበያው ይረጋጋል፤ ክረምት ገብቶ ምርቱ ሲሳሳ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው እየወጣ እንቁጣጣሽ ላይ ይደርሳል። በርካሹ ጊዜ የተገዛው ሽንኩርት እስከ ውዱ ጊዜ የሚቆየው ቁሌት ሆኖ ፍሪዘር ሲገባ ነው።

ወጡ ወይስ ቁሌቱ?

ብዙ ሰው ፍሪዘር ሲባል የተሠራውን ዶሮ ወጥ በድስቱ ማስገባት ይመስለዋል። ይህ ለአውራጅ ከፍሎ ባዶ ካርቶን እንደማስጫን ነው። አጥንቱ ቦታ ይይዛል፤ የተቀቀለው ዕንቁላል ነጩ ቀዝቅዞ ሲሟሟ እንደ ጎማ ይሆናል። የአልጫው ድንችም ይንኮታኮታል።

ቁሌት ግን ሌላ ነው። ከ100 ኪሎ ጥሬ ሽንኩርት 89 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። መቁላላት ማለት ይህን ውኃ በእሳት ማባረር በመሆኑ፣ የቀረው በትንሽ ቦታ ብዙ ዋጋ የያዘ ዕቃ ነው። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፍ ቤት፣ 12 ኪሎውን በአንድ ቀን ቢያቁላላ ከ4 እስከ 6 ዶሮ የሚበቃ ቁሌት ያገኛል። ዓይን የሚለበለበውም፣ ምድጃ ፊት ሰዓታት የሚቆመውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቁሌቱ በዘይት ብቻ መሠራት አለበት። ቅቤና መከለሻ ከፍሪዘር ከወጣ በኋላ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመራል። የመከለሻው ሽታ በትኩስነቱ ይገኛል፤ በዘይት የተሠራው ቁሌት ደግሞ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ለምስር፣ በፋሲካ ለዶሮ ያገለግላል። አንድ ዕቃ ለሁለት ገበያ ማለት ነው።

ከተሠሩ ወጦች ምስርና ክክ ቅዝቃዜን በደንብ ይችላሉ። ሽሮ ይጠጥራል፤ ሙቅ ውኃ እየጨመሩ ቢያማስሉት ይመለሳል። ሰላጣና ጥሬ ቲማቲም ግን አይሞከሩ።

አቀማመጡ

ትኩስ ድስት በቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፤ ውጪ ውሎም አያድርም። ቁሌቱን በሰፊ ትሪ ዘርግቶ ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ አቀዝቅዞ ማስገባት ይገባል። ከዚያ በላይ ለብ ብሎ ከቆየ ተሐዋስያን ይራቡበታል፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም።

በየዕቃው የሚገባው ለአንድ ዶሮ የሚበቃው ብቻ ይሁን። ክዳኑ ሥር ሁለት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተው፤ ሲቀዘቅዝ ይነፋል። ላዩ ላይ ቀኑን ይጻፉ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነ በ3 ወር ውስጥ ጣዕሙ ሳይጎድል ያልቃል። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ላይ ያለችው ትንሽ የበረዶ ሳጥን ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ቅዝቃዜ ላይ ስለማትደርስ ከሳምንት ለማይበልጥ ብቻ ትታመን። ሲያወጡትም በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ማታ ወደ ፍሪጁ አውርዶ ጠዋት በደንብ ማፍላት ነው።

መብራት ሲጠፋ

የዚህ ንግድ ትልቁ ኪሳራ ከመብራት መጥፋት ይመጣል። በሩ ካልተከፈተ፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ባዶው ቦታ ውኃ በያዙ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ይሞላ። ከቤት ርቀው ለሚሰነብቱ ደግሞ የሳንቲም ዘዴ አለ። አንድ ኩባያ ውኃ አቀዝቅዘው ከበረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ኩባያው ሥር ከተገኘ፣ ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል፤ ቁሌቱ ይደፋ። ገና በረዶ ያለበት ግን ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ሂሳቡ

ለስሌት ያህል በተራ ሳምንትና በበዓል ዋዜማ መካከል በኪሎ የ30 ብር ልዩነት አለ እንበል። በ12 ኪሎ 360 ብር ይተርፋል። ከዚህ ላይ የመብራቱ ይቀነሳል፤ በፍሪዘሩ ላይ የተጻፈውን የቀን ፍጆታ በኪሎዋት ሰዓት አይተው በቢልዎ ላይ ባለው ታሪፍ ያባዙት። ፍሪዘሩ ለሌላም ነገር ሌት ተቀን የሚሠራ ከሆነ የቁሌቱ ድርሻ ጥቂት ነው። ለቁሌት ብሎ አዲስ የሚገዛ ግን ቆም ብሎ ያስብ። ፍሪዘር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ብር በገበያ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው ከዶላር ጋር ይሄዳል። በበዓል 360 ብር እያተረፉ እሱን መመለስ ዓመታት ይፈጃል። ለእንዲህ ያለው ቤት የሚያዋጣው ከእህት ወይም ከጎረቤት ጋር ሽንኩርቱንም ፍሪዘሩንም መጋራት ነው።

የተዘጋጀ ቁሌት ለመሸጥ ያሰበ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ትርፉ ያለው በሽንኩርቱ ዋጋ ልዩነት ብቻ ሳይሆን ደንበኛው በሚቆጥበው ጊዜ ላይ ነው፤ ጠዋት ሱቅ ከፍታ ማታ የምትገባ እናት የምትከፍለው ለዚያ ነው። በምላሹ የምትጠብቀው ቀኑ የተጻፈበት፣ ከድስት እስከ እጇ ድረስ ያልቀለጠ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ የተበላሸ ቁሌት የገዛች ደንበኛ ሁለተኛ አትመለስም፤ ለጎረቤትም ትናገራለች።

እንግዲህ ሽንኩርት የተረጋጋ ዕለት አንድ ጆንያ አስይዞ ወደ ቤት መግባት ነው። የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስ የሚፈለገው ዶሮው ብቻ ይሆናል።