አሮጌው ኮምፒዩተር ከመሸጡ በፊት

ንግድ በእምነት የቆመ ሥራ ነው። ደንበኛው ስሙን፤ የግብር መለያ ቁጥሩን፤ የባንክ ሒሳቡንና ያለበትን ዕዳ ለነጋዴው የሚገልጸው ምስጢሩ ይጠበቅልኛል በማለት ነው። ቀድሞ ይህ ሁሉ በወረቀት መዝገብ ተጽፎ በካዝና ይቆለፍ ስለ ነበር፤ ጊዜው ያለፈበትን መዝገብ ለማስወገድ እሳት ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን መዝገቡ የሚገኘው በኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ለቁራሌው ሲሸጥ፤ ወይም ወደ ምናለሽ ተራ ሲወሰድ፤ መዝገቡም አብሮት ይሄዳል።

ብዙ ሰዎች ጽሑፉን ካጠፉት በኋላ የሚያሰጋ ነገር ያለ አይመስላቸውም። ነገር ግን ኮምፒዩተር አንድን ጽሑፍ እንዲያጠፋ ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰርዘው ማውጫውን ብቻ ነው። ይህም ከመጽሐፍ ላይ የማውጫውን ገጽ ቀዶ ሌሎቹን ገጾች እንዳሉ እንደ መተው ይቈጠራል። በስፍራው ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ የቀድሞው ጽሑፍ ይቆያል፤ በቀላሉ በሚገኝ ፕሮግራምም ተመልሶ ሊነበብ ይችላል። ፈጣን ፎርማት የሚባለውም ከዚህ አይሻልም።

ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በጋና ገበያ በ40 ዶላር በገዙት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ፤ ኖርዝሮፕ ግሩማን የተባለው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ያደረጋቸውን ውሎች የሚመለከቱ ሰነዶች ተገኙ። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የኒው ዮርክ የገንዘብ ድርጅት ደግሞ አሮጌ መሣሪያዎቹን የማስወገዱን ሥራ ልምድ ለሌለው ዕቃ አጓጓዥ ሰጠ፤ አንዳንዶቹም የደንበኞች መረጃ እንዳለባቸው በጨረታ ተሸጡ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 60 ሚሊዮን፤ በ2022 ደግሞ 35 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ተጣለበት።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ስለዚህ ማናቸውም የንግድ ቤት የሚከተለውን ሥርዓት ቢይዝ ይጠቀማል።

1ኛ፤ መለየት። መረጃ የሚይዘው ኮምፒዩተር ብቻ አይደለም። ፍላሽ፤ ሲዲ፤ ስልክ፤ እንዲሁም ብዙዎቹ ትልልቅ የፎቶ ኮፒ ማሽኖች መረጃ ይይዛሉ። እያንዳንዱ ዕቃ በመለያ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ሕግ እንዲቆይ የሚያዘው የሒሳብ ሰነድም አስቀድሞ ወደ ሌላ መያዣ ይገልበጥ።

2ኛ፤ መደምሰስ። ለሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ፤ ሙሉውን ገጽ በሌላ ጽሑፍ የሚሸፍን ፕሮግራም ያስፈልጋል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ መሸፈን ይበቃል። ኤስ ኤስ ዲ የተባለው አዲሱ ዓይነት ግን ጽሑፉን በራሱ አሠራር ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚያዘዋውር፤ ፕሮግራሙ የማይደርስበት ስፍራ ይቀራል። ለእርሱ ፋብሪካው ያዘጋጀው የመደምሰሻ ትእዛዝ ይፈጸም። ማግኔትም በኤስ ኤስ ዲና በፍላሽ ላይ አይሠራም።

3ኛ፤ መስበር። የተበላሸና ሊደመሰስ የማይችል ዕቃ ይሰበር። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያሉት ክብ ሰሌዳዎች፤ በኤስ ኤስ ዲ ውስጥ ያሉት ጥቁር ቺፖች አንድ በአንድ መሰባበር አለባቸው። ጭሱ መርዛማ ስለ ሆነ ማቃጠል አይገባም።

4ኛ፤ ማስረከብ። የተደመሰሰበት ቀን፤ የተደመሰሰበት መንገድና የፈጸመው ሰው ስም በመዝገቡ ላይ ይስፈር፤ ተረካቢውም ይፈርም።

ይህ ከተፈጸመ በኋላ ደኅናውን ዕቃ መስበር ብክነት ነው፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለሌላ ገዢ ሊያገለግል ይችላል። የማይሠራውም ቢሆን አሉሚኒየም፤ መዳብና ጥቂት ወርቅ ይገኝበታል፤ ነገር ግን እርሳስን የመሰለ ጎጂ ነገር ስላለበት ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ መሰጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ለጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው።

ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ አንድ ጊዜ የወጣ የደንበኛ ምስጢር ግን በምንም ዋጋ ተመልሶ አይገዛም።