ለጨዋታ ቤት የሚሆን ኮምፒዩተር፤ የግራፊክስ ካርድና የፓወር ሰፕላይ አመራረጥ

ወጣቶች በሰዓት ሒሳብ እየከፈሉ በኮምፒዩተር የሚጫወቱባቸው ቤቶች በአገራችን ከተሞች አንድ የንግድ ዘርፍ ከሆኑ ቈይተዋል። በሽንፋ፣ በመተማ ዮሐንስ ወይም በገንዳ ውኃ ይህን ሥራ ለመክፈት የሚያስብ ባለሱቅ፣ አዲስ የጨዋታ ኮምፒዩተር ለመግዛት ዐቅሙ ካልፈቀደለት፣ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተነሥቶ የመጣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመርን ይመርጣል። አሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ካርዱና ፓወር ሰፕላዩ ሳይመዛዘኑ ከተገዙ፣ የአንድ ዓመት የሰሊጥ ትርፍ በአንድ ቀን ጢስ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ ደግሞ፣ ከውጭ የሚመጣን ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛት ከቀድሞው ይልቅ የከፋ ኪሳራ ነው።

ግራፊክስ ካርድ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚሠራ ክፍል ነው። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ዝቅ በማድረግ ለየክፍሉ የሚያከፋፍል ነው። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሞተሩና ድንጋዩ ካልተመጣጠኑ እህል እንደማይፈጭ ያውቃል፤ የእነዚህም የሁለቱ ነገር እንደዚሁ ነው።

አንደኛ፤ አስቀድሞ የሚወሰነው ደንበኞቹ የሚጫወቱት የጨዋታ ዐይነት ነው። የእግር ኳስ ጨዋታዎችንና እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ለኮምፒዩተር የወጣውን ጂቲኤ 5 የመሳሰሉትን ለማጫወት ውድ ካርድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ከነ4 ጊጋባይት ሜሞሪው ይበቃል። የተሻለ ዐቅም ያለው ገዢ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የወጣውን ባለ6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ሊመርጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ዋጋው ቢረክስም፣ አምራቹ ኤንቪድያ ለዚያ ትውልድ ካርዶች የሚያወጣውን መደበኛ የጨዋታ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. እንደሚያቆም ስላስታወቀ፣ ለረዥም ጊዜ አገልግሎት የሚታሰብ አይደለም። አርኤክስ 6400 የተባለው ካርድ የሚወስደው ኀይል 53 ዋት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መሥመር ጠባብ በመሆኑ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሲገጠም ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፤ የኀይሉ ሒሳብ ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ ሊሰጥ የሚችለው እስከ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ገመድ ያስፈልገዋል፤ ባለ6 እግሩ ገመድ 75 ዋት፣ ባለ8 እግሩ 150 ዋት ይጨምራል። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 የተባለው ትልቁ ኬዝ 290 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው። ኮር አይ5-4590 ፕሮሰሰር 84 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ 75 ዋት፣ ለዲስክ፣ ለሜሞሪና ለማራገቢያ በግምት 40 ዋት ቢያዝ፣ ድምሩ 199 ዋት ይሆናል። ለመጠባበቂያ ከመቶ 30 ቢጨመርበት 259 ዋት ስለሚደርስ ፓወር ሰፕላዩን መለወጥ አያሻም። በዚሁ ኮምፒዩተር ላይ 185 ዋት የሚወስደው አርኤክስ 580 ቢገጠም ግን ድምሩ 309 ዋት ደርሶ ከዐቅሙ ያልፋል። ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛው ካርድ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ያስገዛል ማለት ነው። ከጂቲኤክስ 1650 ካርዶችም መካከል ባለ6 እግሩን ገመድ የሚጠይቁ ስላሉ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት የካርዱን ጫፍ መመልከት ይገባዋል።

ሦስተኛ፤ የመሰኪያው ቅርጽ ነው። በተለመደው ኮምፒዩተር የማዘርቦርዱ ዋና መሰኪያ ባለ24 እግር ሲሆን፣ በዚህ በዴል ኦፕቲፕሌክስ ባለ8 እግር፣ በኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ ባለ6 እግር ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ መግጠም አይቻልም፤ ማገናኛ ገመድ አብሮ መገዛት አለበት። በቀጭኑ ኬዝ ውስጥ የሚገባውም ቁመቱ አጭር የሆነው ካርድ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ በፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቍጥር ማመን አይገባም። ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም፤ ከመካከሉና ከሥሩም ያስወጣል። እንደዚሁም ገዢው በጐኑ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ያንብብ፤ ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚሠሩት በዚያ ነውና። ከላይ 500 ዋት ተብሎ ተጽፎ የ12 ቮልቱ 18 አምፔር ብቻ ከሆነ፣ እውነተኛው ጕልበት 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2004 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠው 80 ፕላስ የተባለው ምልክት ያለበት ዕቃ ከሚስበው ኀይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለሥራ ያውላል። 200 ዋት ለመስጠት 250 ዋት ይስባል፤ ቀሪው 50 ዋት ሙቀት ይሆናል። ዐሥር እንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮች ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስክሪኖቻቸው ሳይቈጠሩ ከ11 አምፔር በላይ ስለሚስቡ፣ ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ያለው ከሆነም፣ በ115 ላይ እንዳለ በእኛ አገር ሶኬት ከተሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል።

አምስተኛ፤ የቈላው አየር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ቈላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ግን የተለኩት በ25 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሙቀት ያንኑ ጕልበት አይሰጡም። ስለዚህ በደጋ 30 ከመቶ የሚበቃው መጠባበቂያ በሽንፋ ወደ 50 ከመቶ ቢጠጋ የተሻለ ነው። ይኸውም ከላይ የተሰላውን 199 ዋት ወደ 299 ያደርሰዋልና፣ በደጋ የበቃው ባለ290 ዋት በቈላው ጥቂት ይጐድለዋል፤ ለሽንፋ 350 ዋት በእውነት የሚሰጥ መግዛት ይሻላል። አቧራውም ማራገቢያውን ስለሚዘጋ በየጊዜው ይጠረግ፤ መብራት ሲጠፋና ሲመለስ ለሚደርሰው የኀይል መለዋወጥም ስታብላይዘር ይደረግ።

ስድስተኛ፤ ማታለል አለ። የአሮጌ ካርድ ውስጣዊ ፕሮግራም ተለውጦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በሚል ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ያለ ክፍያ የሚገኘው ጂፒዩ-ዚ የተባለ ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያለውን የኤንቪድያ ሐሰተኛ ካርድ ይለያል። እንዲሁም መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴርየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ሌትና ቀን ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። ሁሉም ብልሹ ናቸው ማለት አይደለም፤ ሆኖም ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት ጨዋታ አስጫውቶ ሳይፈትኑ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

አስመጪዎችም ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም አለ። ለቈላው የሚላከው ዕቃ ከ75 ዋት የማይበልጥ ካርድና በትክክል የተለካ ፓወር ሰፕላይ ቢሆን፣ ከነማገናኛ ገመዱ፣ ከነደረሰኙና ከነዋስትናው ቢሸጥ፣ የሚመለስ ዕቃ ይቀንሳል፤ ደንበኛም ይበረክታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ ጥቂት ጊዜ ወስዶ ዋቱን የደመረ ባለሱቅ ካርዱን ከመግዛቱ በፊት ትርፉን አስከብሯል።