የግል ድረ ገጽን ለሁሉም አንባቢ መክፈት

ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል የሠራው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሰርን በ2013 ወደ ቀድሞ አድራሻው የመለሰው ቅጂ ዛሬም ይከፈታል። አርዕስት፣ ጽሑፍና ሊንክ እንጂ ሥዕልም ጌጥም የለውም። ያኔ ገና ያልተፈጠረው ስማርት ስልክ ያለ ችግር ያሳየዋል፤ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ስክሪን ሪደር ለዓይነ ስውር ያነብለታል፤ እጁ ማውስ የማይታዘዝለት ሰውም በኪቦርድ ብቻ ከሊንክ ወደ ሊንክ ይሄድበታል። ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይተው በፍላሽ የተሠሩ፣ በጊዜያቸው የተደነቁ ገጾች ግን አዶቢ በ2020 መጨረሻ ቴክኖሎጂውን ሲተወው በተለመደው ብራውዘር የማይከፈቱ ሆነው ቀርተዋል። ድረ ገጽ ከመሠረቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚዘጋው በኋላ የሚጫንበት ነገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ የግል ድረ ገጽን ደረጃውን ጠብቆ እንደገና መንደፍ፣ ብዙዎች እንደሚፈሩት ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን በአብዛኛው የመቀነስ ሥራ ነው።

ደረጃዎቹን የሚያወጣው በርነርስ ሊ በ1994 የመሠረተው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ነው። የተደራሽነት መመሪያውን መጀመሪያ ያወጣው በ1999 ሲሆን፣ በ2008 እንደ አዲስ አዘጋጅቶታል፤ 2.2 የተባለው እትም የወጣው በ2023 ነው። መመሪያው አራት ነገር ይጠይቃል፦ ይዘቱ በዓይን ባይሆን በጆሮ ወይም በጣት ሊደርስ ይችላል ወይ? ገጹ ያለ ማውስ ይሠራል ወይ? አጠቃቀሙ ግልጽ ነው ወይ? ልዩ ልዩ ብራውዘሮችና አጋዥ መሣሪያዎች ያነቡታል ወይ? መስፈርቶቹ ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ ተብለው በሦስት ይመደባሉ፤ ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት መካከለኛውን ነው። በዚህ ምድብ የተራ ጽሑፍና የጀርባው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። ብራውዘር ማንም ሳይነካው የሚያሳየው ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። መስፈርቱ የሚጣሰው ሰው ሆን ብሎ ስስ ግራጫ ሲመርጥ ነው።

የመዋቅሩም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። የኤችቲኤምኤል ሥራ የትኛው አርዕስት፣ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ መናገር ነው። መልኩን መወሰን በ1996 የመጀመሪያ ደረጃው ለወጣለት ለሲኤስኤስ የተተወ ነው። ጽሑፉን አድምቆና አጉልቶ ብቻ አርዕስት ያስመሰለ ገጽ ዓይንን ያሳምናል፤ በስክሪን ሪደር ከአርዕስት ወደ አርዕስት እየዘለለ የሚያነብ ሰው ግን የሚረግጠው ነገር አያገኝም። ቁልፍ መስሎ የተቀባ ባዶ ሣጥንም እንዲሁ ነው፤ እውነተኛው ቁልፍ በኪቦርድ መታዘዝን ከብራውዘሩ በነጻ ያገኘው ነበር። በእርግጥ የሚጨመር አለ። ፎቶ ምን እንደሚያሳይ የሚናገር አጭር መግለጫ፣ የቅጽ መሙያ ቦታ ስያሜ፣ ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚገልጽ ምልክት ማሽን አያመጣቸውም፤ ግን አብዛኞቹ የአንድ መስመር ሥራ ናቸው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። የግዕዝ ፊደል በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ፊደሎቻችንን በላቲን ሆሄያት ቦታ የሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበሩ፤ ፎንቱ የሌለው አንባቢ የሚያየው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነበር። ጽሑፍን እንደ ሥዕል መለጠፍ ያኔ መፍትሔ ነበር፤ ዛሬ ግን ልማድ ብቻ ነው። በሥዕል የተለጠፈ ግጥም ሲጎላ ይደበዝዛል፣ በፍለጋ አይገኝም፣ ለስክሪን ሪደር የሚያቀብለው ፊደል የለውም። የአማርኛው ድምፅ ገና ሻካራ ነው፣ ታዲያ መድከሙ ለምን? የሚል ይኖራል። ነጻው ስክሪን ሪደር ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ አነባበቡ የሰው ያህል አይደለም። ቢሆንም ድምፁ በተሻሻለ ቁጥር በትክክል የተጻፈው ገጽ ማንም ሳይነካው አብሮ ይሻሻላል፤ ሥዕሉ ግን ባለበት ይቀራል።

ሌላው ተቃውሞ፣ የግል ገጽን ስንት ዓይነ ስውር ይጎበኘዋል የሚል ነው። ሕግም አያስገድድም፤ በሰኔ 2025 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የተደራሽነት ሕግ እንኳ የሚመለከተው የንግድ ምርትና አገልግሎትን እንጂ የግለሰብን ገጽ አይደለም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ሰዎች አንዱ ጉልህ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ፣ ዓይኑ በዕድሜ የደከመ፣ ኔትወርኩ የሚጎተትበት ሰው ደግሞ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው። ገጹ የማይከፈትለት ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ ስለዚህ የጎብኚዎች ማነስ መስፈርቱን ለመተው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ውበት ይጎድላል ለሚሉት መልሱ በ2003 የተከፈተው ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን ነው፤ የኤችቲኤምኤል ገጹ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ዲዛይነሮች ሲኤስኤሱን ብቻ እየለወጡ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ መልኮች ሰጥተውታል።

መስፈርቱ መሟላቱን በራስ ሰር መመርመሪያ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። መሣሪያው ለፎቶው መግለጫ መኖሩን ያያል፣ መግለጫው እውነት መሆኑን ግን አያውቅም። ስለዚህ ባለቤቱ ማውሱን ነቅሎ ገጹን በኪቦርድ ይዙረው፤ ጽሑፉን ሁለት እጥፍ አጉልቶ ይየው፤ ሲኤስኤሱንም አጥፍቶ ከላይ እስከ ታች ያንብበው። ጌጡ ሲወርድ ሐሳቡ በቅደም ተከተል ከተነበበ፣ ንድፉ በትክክለኛው መሠረት ላይ ቆሟል፤ ካልተነበበም ችግሩ ያለው ከመልኩ ሳይሆን ከመዋቅሩ ስለሆነ፣ እርማቱ መጀመር ያለበት ከዚያው ነው።